ረቡዕና ዓርብ የሚድነው ማሽን

ስሜ ፕሮኮፒስ ነው፤ ሥራዬ ኤሌክትሪክ። መንደሩ ግን «ፕሮፌሰር» ነው የሚለኝ። ክብር እንዳይመስላችሁ፣ ስድብ ነው። አንድ ሰው አምፖል ጠፋብኝ ብሎ ከጠራኝ፣ አምፖሉን ከመቀየሬ በፊት ኤሌክትሪክ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ካላስረዳሁት ደስ አይለኝም። ሰውዬው ጨለማ ውስጥ ቆሞ ይሰማኛል። ባለቤቴ አመርሱዳ «አንተ እኮ የሚከፍሉህ መብራት ስለሠራህላቸው አይደለም፣ ዝም እንድትልላቸው ነው» ትለኛለች።

በወጣትነቴ አሥራ አንድ ዓመት መርከብ ላይ ሠርቻለሁ። ወደ ግሪኳ ደሴት ሌዝቮስ፣ ወደ መንደሬ ስመለስ በእጄ የነበረው አንድ ቢጫ ቴስተርና ብዙ ወሬ ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ሁሉ ብዘረዝር ራሴን ማማት ይሆንብኛል። አንዷን ብቻ ልንገራችሁ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ደወል በሞተር እንዲደወል ያደረግሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አሥራ ሁለት መደወል ሲገባው አሥራ ሦስት ጊዜ ደወለ። ቄሱ ወጥተው «አሥራ ሦስተኛው ለማን ነው?» ቢሉ፣ ኢግናቲስ የሚባለው ነገረኛ ገበሬ «ለፕሮፌሰሩ ነው አባቴ፣ ነፍስ ይማር!» አለ። እኔ ግን በዚህ ሁሉ መሐል «ተሳስቼ ይሆን?» ብዬ አስቤ አላውቅም። ደወሉን ሳይቀር የፋብሪካው ጥፋት ነው ብዬ ነው የተከራከርኩት።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ባለፈው ዓመት የሆነ ነው፤ በጥቅምት መጨረሻ፣ የወይራ ፍሬ መሰብሰብ ሲጀመር። የመንደራችን የወይራ መጭመቂያ የሚርሲኒ ነው። ሚርሲኒ አብራኝ የተማረች ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን የምትመራው ብቻዋን ነው። ማሽኖቹን የሚነዱት ደግሞ ባርባ ስታማቲስ ናቸው፤ «ባርባ» የምንለው ሽማግሌን ስናከብር ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ ስምንቱን ያሳለፉት እዚያው መጭመቂያ ውስጥ ነው። የተፈጨው ወይራ በገንዳ ውስጥ ሲታሽ ሙቀቱ ከልክ አልፎ ዘይቱን ሊያበላሽ እንደሆነ በአፍንጫቸው ያውቃሉ።

አፍንጫ ግን ዛሬ ማን ያምናል? ዘይቱን የሚገዛን ድርጅት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደብዳቤ ልኮ ነበር። በስድስቱ ማሻ ገንዳዎች ውስጥ ሙቀቱ ከሃያ ሰባት ዲግሪ እንዳላለፈ፣ በየአሥር ሴኮንዱ፣ ሳይቋረጥ ተመዝግቦ ይታይ አለ። እኔ ተጠራሁ። በየገንዳው ሙቀት የሚለካ አንድ ሴንሰር አስገባሁ፤ ስድስቱም ተራ እየጠበቁ በአንድ ጥንድ ሽቦ ቁጥራቸውን ለዋናው ሰሌዳ ይናገራሉ። ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። ሥራዬ እንደሆነ ለማስታወስ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሰሌዳውን በክርኔ እወለውለው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት መከሩ ከጀመረ ገና ሳምንት ሳይሆነው ሚርሲኒ ደወለች።

«ፕሮኮፒ፣ ሰሌዳው አበደ። ቁጥሮቹ ድንገት ይጠፋሉ፣ ሰረዝ ብቻ ይሆናል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይተው ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳሉ።»

«ስድስቱም?»

«ስድስቱም። ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ የገዢው ሰው መዝገቡን ሊያይ ይመጣል።»

ማክሰኞ ጠዋት ቴስተሬን ይዤ ሄድኩ። ገበሬዎቹ ወይራቸው እስኪጨመቅ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ሌላ የሚያዩት ነገር ስለሌላቸው እኔን ነው የሚያዩት። ኢግናቲስ እግሩን አነባብሮ «ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ከየት ነው የምትጀምረው? ከአዳምና ከሔዋን?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ደግሞ ሰው ሲያየኝ ልቤ ያብጣል፣ ምን ላድርግ።

ለሴንሰሮቹ ኃይል የምትሰጠውን ትንሽ ሣጥን ለካሁ፤ ሃያ አራት ቮልት፣ ሙሉ። የሚናገሩበትን ጥንድ ሽቦ ለካሁ፤ ቴስተሯ የሆነ ቁጥር አሳየችኝ። ቴስተር እንግዲህ የምታውቀው «አለ» ወይም «የለም» ማለትን ነው፤ «አለ» አለችኝ። ደህና፣ አለ። ታዲያ ምን ሆነ? ቀና ስል ስድስቱ ሽቦዎች የሚገናኙበት የፕላስቲክ ሣጥን ክዳን ላይ የውሃ ጠብታ አየሁ። አጠገቡ የማጠቢያው ጎማ ተሰቅሏል። ሣጥኑን ከፍቼ ማየት ነበረብኝ። አራት ብሎን አለው፤ አንዱ ከቧንቧ ጀርባ ነው፣ ለመፍታት መንበርከክ ይጠይቃል፤ ጉልበቴ ደግሞ ያመኛል፤ ሰዉም እየጠበቀ ነው። አልከፈትኩትም።

«ውሃ ነው!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «አንድ ሰው ወለሉን ሲያጥብ ሣጥኑን ረጭቶታል። ውሃ ገብቶ ሴንሰሮቹን አፋቸውን ይዟቸዋል።»

እዚያ ቤት በጎማ የሚያጥብ አንድ ሰው ብቻ ነው። የሁሉም ዓይን ወደ ባርባ ስታማቲስ ዞረ። ሽማግሌው ሽርጣቸው ላይ እጃቸውን እየጠረጉ መጡ።

«እኔ? እኔ እኮ እዚያ ጋ ስደርስ ቧንቧውን እዘጋለሁ።»

«ሁልጊዜ ይዘጋሉ ባርባ?»

«ሁልጊዜ...» አሉና ቆም አሉ። «መሰለኝ።»

ያቺን «መሰለኝ» እንደ ድመት ዘልዬ ያዝኳት። «ሰማችሁ? መሰለኝ ነው ያሉት!» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ ግን ያን ጊዜ አፋፉ ላይ ቆሜ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ሚርሲኒ ወደ ጥግ ሳበችኝ። «እርግጠኛ ነህ? ሰውዬው ሠላሳ ስምንት ዓመት...»

«ሚርሲኒ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ከውሃ ጋር ነው የኖርኩት። ውሃ ያደረገውን አውቃለሁ። ደግሞ ሰው ያረጃል፣ ይረሳል፣ ነውር አይደለም» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

አስባ አስባ ወሰነች። ባርባ ስታማቲስ የገዢው ሰው እስከሚመጣበት ቅዳሜ ድረስ ቤታቸው ይረፉ፤ እኔ በመሣሪያ መርምሬ ጥፋቱ የውሃ መሆኑን ካረጋገጥኩ የመጭመቂያውን ቁልፍ ያስረክባሉ፣ ከጎረቤት መንደር ሌላ ሰው ይመጣል። ስትነግራቸው ቆሜ ነበር። ሽማግሌው አልተከራከሩም። ሽርጣቸውን ፈትተው፣ አራት ላይ አጥፈው፣ አግዳሚው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ አንዲት ቁጥር ሳያጎድል ዋለ። አቤት ደስታዬ! «አየሽ? እሳቸው ሲሄዱ ደረቀ!» አልኳት ሚርሲኒን። ሐሙስ ግን ሰባት ጊዜ ተቋረጠ። እኔ መልስ አጥቼ አላውቅምና «እርጥበት ቀርቷል» ብዬ፣ የአመርሱዳን የፀጉር ማድረቂያ አምጥቼ ሣጥኑን አደረቅሁት። ከውጭ! ክዳኑን ሳልከፍት! ዓርብ ማሽኑ እንደገና ጤነኛ ሆኖ ዋለ፤ በየቡና ቤቱ የፀጉር ማድረቂያዬን ጥበብ አወራሁ። ቅዳሜ ዘጠኝ ጊዜ ተቋረጠ።

«ፀጉሩ ገና አልደረቀም መሰለኝ፣ ፎጣ ጠቅልልበት» አለኝ ኢግናቲስ።

አንድ የሚያበሳጭ ነገር ደግሞ ነበር። ሰሌዳው ላይ ዓይኔን ተክዬ ስጠብቅ ምንም አይሆንም። በእኛ አገር ከየቤቱ ከመጣው ወይራ የመጀመሪያው ዘይት ሲወርድ እዚያው ምድጃ ላይ ዳቦ ይጠበሳል፤ ትኩስ ዘይት ይፈስበታል፣ ጨው ይነሰነስበታል፤ የዘይቱ ባለቤት እዚያ ያለውን ሰው ሁሉ ያበላል። እምቢ ማለት አይቻልም፤ ዘይቱን መናቅ ነው። እኔ ደግሞ ባለሙያ ነኝና መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ። «ፕሮፌሰር፣ ና ቅመስ!» ሲሉኝ እሄዳለሁ፤ ጀርባዬን እንደሰጠሁ ቁጥሮቹ ይጠፋሉ። «ማሽኑ ይፈራሃል» ይሉኛል። ውዳሴ መስሎኝ አፌን በዘይት እንደሞላሁ አንገቴን እነቀንቅ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ። በዚያን ሳምንት የተሻለ መሣሪያ መፈለግ የጀመርኩት ጥፋቱን ለማግኘት አልነበረም። ጥፋቱንማ አግኝቼው የለ! እኔ የፈለግሁት ምስክር ነበር፤ ልክ ነህ የሚለኝ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ ምስክር። ለመኪናዬ ጎማ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ አውጥቼ ኦሲሎስኮፕ አዘዝኩ፤ ሰኞ ከአቴንስ በመርከብ ደረሰ።

አመርሱዳ ካርቶኑን ዞራ አየችው። «ምን ያደርጋል?»

«በሽቦ ውስጥ የሚሄደውን ንግግር በሥዕል ያሳያል።»

«ያንተንም አብሮ ቢያሳየን እንዴት ጥሩ ነበር» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ማክሰኞ ኦሲሎስኮፑን ሚርሲኒ ጠረጴዛ ላይ እንደ ታቦት አስቀመጥኩት። ገበሬዎቹ ጆንያቸውን ትተው ከበቡኝ። ከመሣሪያው የሚወጣው ገመድ ጫፉ ላይ አንድ መርፌና አንድ ቆንጣጭ አለው። መርፌውን በአንደኛው የንግግር ሽቦ ላይ፣ ቆንጣጩን በሁለተኛው ላይ ሰካሁ። ስድስቱም ቁጥሮች ወዲያው ድርግም አሉ፤ ስክሪኑ ላይ ዝርግ መስመር ወጣ።

«ያዝኩት!» ብዬ ጮህኩ። «ያዝኩት! እዩ፣ ይኼ የሞተ መስመር ነው! ውሃ ማለት ይኼ ነው!»

ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዝርግ መስመር አስተማርኳቸው። ገንዳ ውስጥ ያለው ወይራ ሙቀቱ ሳይታወቅ ይታሻል፣ እኔ አስረዳለሁ። በመጨረሻ ሚርሲኒ ክንዴን ነካችኝ።

«ፕሮኮፒ፣ እስቲ ያን ቆንጣጭ ንቀለው።»

ነቀልኩት፤ ስድስቱም ተመለሱ። ሰካሁት፤ ጠፉ። ነቀልኩት፤ ተመለሱ። ነገሩ ሲገባኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መሣሪያው የተሰካው ግድግዳው ላይ ነው፤ ቆንጣጩ በዚያው በኩል ከመሬት ጋር የታሰረ ነው። እኔ ደግሞ የሚናገረውን ሽቦ ይዤ ከመሬት ጋር አሰርኩት። የማሽኑን ምላስ በገዛ እጄ ቋጥሬ፣ ለምን ዝም አለ ብዬ ሕዝብ ሰብስቤ አስተምራለሁ!

«ወይ ጉድ» አለ ኢግናቲስ፣ «እስከዛሬ ሁለት ደቂቃ ነበር የሚታመመው። ዛሬ ሐኪሙ መጣና ግማሽ ሰዓት አደረገው።»

ሚርሲኒ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ይህን ነገር ውሰድልኝ» ብቻ አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ኦሲሎስኮፑን ታቅፌ ወደ ወደብ ከተማው፣ ወደ ታክሲያርሂስ ሄድኩ። ታክሲያርሂስ የመርከብ ጓደኛዬ ነው፤ አሁን የጀልባዎችን ኤሌክትሪክ ይጠግናል። ሁሉን ነገርኩት፤ ደወሉን ብቻ ነው ያስቀረሁት፣ እሱን ቀድሞ ሰምቷል። ሲጋራውን አጥፍቶ ጠየቀኝ።

«ምን ልታውቅ ነው የፈለግኸው?»

«ጥፋቱን ነዋ!»

«እሱን አይደለም። መሣሪያ ሁሉ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው። ቴስተርህ 'አለ ወይ?' ስትላት ነው የምትመልሰው። ይኼ ያቀፍከው 'ምን ይመስላል?' ሲሉት ይመልሳል፤ አያያዙን ለሚያውቅ ሰው ማለቴ ነው፣ አትቀየመኝ። ያንተ ማሽን በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ታሞ ይድናል። ያንተ ጥያቄ 'መቼ?' ነው።»

መሳቢያውን ከፍቶ የሲጋራ ፓኮ የምታህል ግራጫ ሣጥን አወጣ። በባትሪ ነው የምትሠራው። በአንድ በኩል ሴንሰሮቹ ሲነጋገሩ ታዳምጣለች፤ በሌላ በኩል የሚጠጡትን ኤሌክትሪክ ትለካለች፤ ጥያቄ ተጠይቆ መልስ ያጣ እንደሆነ ሰዓቱን ትመዘግባለች።

«ግድግዳ ላይ አትሰካም» አለኝ። «ስለዚህ አንተ እንኳ ልታበላሽባት አትችልም። አንዴ አስረህ ተዋት፤ እስከ ዓርብ አትንካት። ለመሆኑ ሣጥኑን ከፍተህ አየኸው?»

«የቱን?»

«ውሃ ገባበት ያልከውን ነዋ።»

«ብሎኑ ዝጓል።»

«እሱ ነው የዛገው ወይስ አንተ? ሳትከፍት ነው ሽማግሌውን ከሥራቸው ያስነሣኸው?»

ተናደድኩበት። ሣጥኗን ይዤ፣ ደህና ዋል ሳልለው ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ከእሱ ጋር በልቤ ስከራከር መጣሁ፤ በልቤም ቢሆን አላሸነፍኩትም።

ረቡዕ ማለዳ ግራጫዋን ሣጥን አሰርኳት። ረቡዕ ምንም አልመዘገበችም። ሐሙስ ስምንት ጊዜ። ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን አትሜ ይዤ ገባሁ፤ በማግስቱ የገዢው ሰው ይመጣል፣ ቁልፉን የሚረከበው ሰውም ተጠርቷል። ወረቀቱን ሳየው አንድ ነገር አስደነገጠኝ። መልሱ ከመጥፋቱ በፊት፣ ስምንቱም ጊዜ፣ ሃያ አራት የነበረው ቮልት ወደ አሥራ አንድ ወርዷል። ሴንሰሮቹ አፋቸው አልተያዘም፤ ተርበው ነው። ውሃ እንዲህ አያደርግም።

ሚርሲኒ የማን ዘይት በስንት ሰዓት እንደወረደ በጠመኔ የምትጽፍበት ጥቁር ሰሌዳ አለ። የሐሙሱ አልጠፋም ነበር። ስምንት ቤተሰብ፣ ስምንት ሰዓት። ከወረቀቴ ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል። ዘይት ሲወርድ ሴንሰር ለምን ይራባል? ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ ማሰብ ጀመርኩ፤ ማሰብ ደግሞ ያስርበኛል።

«ሚርሲኒ፣ ዛሬ ዳቦ የለም እንዴ? የኢግናቲስ ዘይት ከወረደ ቆየ እኮ።»

«ዓርብ ነው'ኮ አንተ ሰው!» አለች። «ረቡዕና ዓርብ በዚህ ቤት ዘይት ተቀምሶ ያውቃል? የባሌ እናት ከመቃብር ተነሥታ ትመጣብኛለች።»

እውነት ነው፤ በእኛ ጦም ዘይትም አይቀመስም። ዘይት አይቀመስም፣ ስለዚህ ዳቦ አይጠበስም፣ ስለዚህ... ዞር ብዬ ምድጃውን አየሁት። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ቀዝቅዞ፣ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል። ተነሥቼ ምድጃውን እስከ መጨረሻው ለኮስኩት።

«ፕሮኮፒ! ጦም ነው!»

«አልበላም ሚርሲኒ። ሰሌዳውን እይልኝ።»

እስከ አሥር እንኳ አልቆጠርኩም። «ጠፉ» አለች። «ስድስቱም ጠፉ።»

አጠፋሁት። «ተመለሱ» አለች።

ያን ምድጃ ማን እንደተከለው ሁሉም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ድሮ ዳቦው የሚጠበሰው በእንጨት ነበር። በዚያው ዓመት ፀደይ የገዢው ሰው ጭሱ ዘይቱ ላይ ሽታ ያሳድራል ብሎ አስነሣው፤ ምድጃውን ገዝቼ፣ ሶኬቱን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ከዋናው ሣጥን አዲስ መስመር መሳብ ነበረብኝ፤ አሥራ ሁለት ሜትር ሽቦና የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በአቅራቢያው ግን ለሴንሰሮቹ የኃይል ሣጥን የዘረጋኋት ቀጭን ሽቦ ነበረች፤ ከእሷ ላይ ቀጠልኩ። ምድጃው ሲለኮስ ለስድስቱ የሚደርሰውን ይውጥባቸዋል። ያን ቀን «ሥራ ማለት እንዲህ አቋራጭ ሲኖረው ነው» ብዬ ለኢግናቲስ ያስረዳሁትንም አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ዳቦ በተጠበሰ ቁጥር መጀመሪያ የበላሁት እኔ፣ ጥፋቱ የት ነው ብዬ የጠየቅሁትም እኔ። ስንት ቁራሽ እንደበላሁ አትጠይቁኝ፤ ቀበቶዬን ያየ ያውቀዋል።

ከዚያ መፍቻ አንሥቼ ተንበረከክሁ። አራቱን ብሎን ፈታሁ፤ ከቧንቧው ጀርባ ያለው አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ሣጥኑ ውስጥ አቧራ ነበር፤ ደረቅ፣ ጣት ብታሳርፉበት ምልክት የሚተው አቧራ። በማዕዘኑ የሸረሪት ድር፣ ሳይበጠስ። ከተከልኩት ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልገባችበትም።

ገበሬዎቹ እያዩኝ ነበር። እንደተንበረከክሁ ነገርኳቸው፤ ለመነሣት አልደፈርኩም። «ውሃ አልነበረም። ባርባ ስታማቲስ ምንም አላጠፉም። ጥፋቱ የእኔ ሶኬት ነው» አልኩ። ኢግናቲስ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች!» ብሎ ጆንያው ላይ ተንከባለለ፤ ሌሎቹም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ። ሚርሲኒ ብቻ አልሳቀችም።

«ለምድጃው ዛሬውኑ የራሱን መስመር ትስባለህ» አለችኝ። «ነገ የገዢው ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ይፈልጋል፤ ያንተን ስም ነው የምጽፈው። አሁን ግን መጀመሪያ ሂድ። እኔ ከትናንት ወዲያ ደውዬላቸው ነበር፤ ስልኩን አላነሡም። እኔም ሰምቼህ ነው ያስወጣኋቸው፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። አንተ ግን ቅደም።»

ቤታቸው ከመንደሩ ዳር ነው። እየሄድኩ ንግግር አዘጋጀሁ፤ ቃል በቃል። ስድቡንም ሁሉ ጠበቅሁት፤ ውሻ ይሉኛል፣ ባለጌ ይሉኛል፣ በር ይዘጉብኛል። ሁሉም ይገባኛል። በሩን ባለቤታቸው ከፈቱልኝ፤ ሰላምታዬን ሳይመልሱ ገለል አሉልኝ።

ባርባ ስታማቲስ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው የተማሪ ደብተርና እርሳስ አለ። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ።

«ባርባ፣ ውሃ አይደለም» አልኩ። «የእኔ ጥፋት ነው። ሶኬቱ ነው። እርስዎ የሉበትም።»

እስኪጮሁብኝ ጠበቅሁ። ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«እኔ አልረጨሁትም?»

«አልረጩትም።»

«ቧንቧውን ዘግቼ ነበር ማለት ነው?»

«ሣጥኑን ከፍቼ አየሁት ባርባ። ውስጡ አቧራ ነው። የሸረሪት ድር ሳይቀር አለበት። ውሃ ነክቶት አያውቅም።»

«አቧራ» አሉ።

«አቧራ።»

«ድገምልኝ እስቲ።»

ደገምኩላቸው። ሦስተኛም ጊዜ አስደገሙኝ። ዓይኔ ወደ ደብተሩ ሄደ፤ በትላልቅ ፊደል፣ በእርሳስ የተጻፈ ነው። «ጋዙን ዘግቻለሁ። በሩን ቆልፌያለሁ። መድኃኒቴን ውጫለሁ። ጋዙን እንደገና አየሁ፣ ተዘግቷል።» ገጽ ሙሉ፣ ቀጥሎም ሌላ ገጽ። ደብተሩን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

ባለቤታቸው ከጀርባዬ ናቸው የተናገሩት። «አንተ ይረሳሉ ካልክ ጀምሮ እንዲህ ነው። በሕዝብ ፊት በመሣሪያ ለክተህ ያልከውን እንዴት አይመን? የሠራውን ሁሉ እየጻፈ፣ የጻፈውን እየሄደ ያያል። ልጃችን ተሰሎንቄ ከተማ ካለ የጭንቅላት ሐኪም ቀጠሮ ይዛለታለች። ለሰኞ።»

 

ባርባ ስታማቲስ መሳቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። «አቧራ ነው ይላል! ሰማሽ? አቧራ!» አሉ ለባለቤታቸው። ሳቁ መሐል ላይ ተቀየረ፤ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ሴትዮዋ አልሳቁም፣ አላለቀሱምም። ስልኩን አንሥተው ቁጥር መቱና ሰጡኝ።

«ልጁ ናት። እኔ ብነግራት ልታጽናናኝ ነው ትላለች። አንተ ንገራት።»

ተቀበልኩ። ከወዲያ በኩል የሴት ድምፅ «አቤት፣ ማን ልበል?» አለኝ።

«ኤሌክትሪክ ሠሪው ነኝ» አልኩ። «አባትሽ ምንም አልረሱም።»